ግድቡም የእኛ፣ ከሰሉም የእኛ

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜ ጠዋት ምን እንደሚመስል የማያውቅ ካለ እንንገረው። ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ምጣዱ ተሰክቷል፣ ሁለተኛው እንጀራ ላይ መብራት ድርግም! ማገዶ ያላት እናት ሊጧን በባልዲ ተሸክማ ደረጃ ወርዳ ኮሚናሉ ጋ እሳት ታነዳለች። የሌላት ሊጧ እስኪኮመጥጥ ትጠብቃለች። ወጡ ኮሪደር ላይ በከሰል ይንተከተካል፣ ጭሱ ለጎረቤት ሁሉ ይዳረሳል። ማታ ሕፃናቱ "መጣ!" ብለው ሲጮኹ፣ ያኔ መብራት መምጣቱን እናውቃለን።

እነዚህ እናቶች እኮ የሕዳሴው ግድብ ባለቤቶች ናቸው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም መሠረቱ ሲጣል የውጭ አበዳሪ ፊቱን አዙሮብን ነበር። ቦንድ የገዙት፣ ከደመወዛቸው ያስቆረጡት እነሱ ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት እንዲችል ሆኖ ተመረቀ። እኛም ጨፍረናል፤ አናፍርበትም። ግን ከጭፈራው በኋላ ያው ከሰል ጠበቀን።

ዓለም አቀፍ ትብብር የሚሉት ነገር ሪባን የሚቆረጥበትን ሥራ ይወዳል። የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል፣ 120 ሜጋ ዋት፣ በፈረንሳይ ብድርና በፈረንሳይ ኩባንያ ተሠርቶ በ2006 ዓ.ም ተመረቀ። የአዳማዎቹ ሁለቱ፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት፣ በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያዎች ተሠሩ። ብድሩ ሲመጣ ተርባይኑም ተቋራጩም አብረውት ይመጣሉ። ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ ለተዘረጋው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነው መስመር ደግሞ የዓለም ባንክና የአፍሪካ ልማት ባንክ አበደሩ፤ በ2015 ዓ.ም ሽያጭ ተጀመረ። ሁሉም መልካም ነው። ግን ለአንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ሪባን የቆረጠ አምባሳደር አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኃይሉ ከግድቡ በከፍተኛ መስመር ይመጣል፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገባል፣ በሰፈር ትራንስፎርመር ወርዶ ቤት ይደርሳል። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል። መቶ ቤት በአንድ ጠዋት ሲሰካ 350 ኪሎ ዋት ሆነ ማለት ነው። ትራንስፎርመሩ ይህን ካልቻለ አባይ ቢሞላ ለእኛ ምን ይፈይዳል?

"ለኬንያ መሸጡ ይቁም" የሚሉ አሉ። እኛ ከእነሱ ጋር አይደለንም። ዶላሩ ያስፈልገናል፣ ከጎረቤት ጋር መነገድም ከልመና ይሻላል። ሌሎች ደግሞ "የዓለም ባንክ በ2010 ዓ.ም ለኤሌክትሪክ ማዳረሻ 375 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ የለም ወይ?" ይሉናል። እውነት ነው፣ ፈቅዷል። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው ብሔራዊ ዕቅድም በ2025 እ.ኤ.አ. ሁሉም ዜጋ መብራት ያገኛል ብሎን ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ግማሽ የሚጠጋው ሕዝብ ግን ዛሬም ኤሌክትሪክ የለውም። "ደርሶታል" ተብሎ የተቆጠረው እንደ እኛ ያለው ደግሞ ከሰል ይገዛል። ምሰሶ መትከልና እንጀራ ማስጋገር ለየቅል ናቸው!

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። መንግሥት ለሚቀጥለው ብድር ሲቀመጥ፣ ለማመንጫ ከሚመጣው እያንዳንዱ ዶላር ጎን ለማከፋፈያው የሚውል ድርሻ ይጻፍ። ከውጭ ሽያጭ ከሚገኘው ገቢም ለሰፈር መስመርና ለትራንስፎርመር የሚመደበው ስንት እንደሆነ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር። አበዳሪዎችም የሥራቸውን ውጤት በሜጋ ዋት ብቻ አይቁጠሩ፤ ከሰል መግዛት ያቆመውን ቤት ይቁጠሩ። ደኑ የሚተርፈውም፣ የእናቶቻችን ሳንባ የሚተርፈውም እዚያ ጋ ነው።

ክቡራን አምባሳደሮች፣ ቅዳሜ ጠዋት አራብሳ ብቅ በሉ። ትኩስ እንጀራ እናበላችኋለን። መብራት ካለ።