ሪፖርት መስማት ቁጥጥር አይደለም

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል የተወለደው ሹመት ራሱ ደመወዝ በነበረበት ዘመን ነው። ሹሙ በየወሩ የሚቆረጥለት ክፍያ አልነበረውም፤ የተሾመበት አገር ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፣ ጭፍራውንም ይቀልብለታል። በዚያ ሥርዓት ዓይን መብላት ነውር አልነበረም፤ ነውሩ ሳይበሉ መሻር ነበር። ዛሬ ሹሙ ደመወዝ አለው፣ የጸደቀ በጀት አለው፣ ወጪውን የሚመረምር ዋና ኦዲተር አለው፣ ከሁሉም በላይ በሕዝብ ስም የሚጠይቀው ምክር ቤት አለው። በሕግ ከሄድን ብሂሉ ሞቶ መቀበር ነበረበት። አልሞተም። ያልሞተበትን ምክንያት ሁልጊዜ ከበዪው ዘንድ ብቻ ስለምንፈልገው አናገኘውም፤ እስቲ ደግሞ ከጠያቂው ዘንድ እንፈልገው።

ክርክሬ አጭር ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ገንዘብና የሰው ኃይል ይቆጣጠራል ይባላል፤ በተግባር የሚያደርገው ሪፖርት መስማት ነው። የማያስከፍል ጥያቄ ደግሞ፣ ምንም ያህል ቁጣ ቢታከልበት፣ ቁጥጥር ሊባል አይችልም።

ሥልጣኑስ አለ

«ሥልጣን አልተሰጠንም» የሚል የምክር ቤት አባል ካለ ሕገ መንግሥቱን ይግለጥ። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ተመራጭም ሆነ ተሿሚ ተጠያቂ ይሁን ይላል። አንቀጽ 55 የፌዴራሉን በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ መሆኑን ይደነግግና፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይጨምርለታል። አንቀጽ 72 ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለዚሁ ምክር ቤት መሆኑን ያረጋግጣል። አንቀጽ 101 ደግሞ ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ፣ ወጪው በተፈቀደው በጀት መሠረት ለታለመለት ሥራ መዋሉን አጣርቶ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ ያዛል። መሣሪያው ሙሉ ነው፤ ተሸካሚው ግን አይተኩስበትም።

ሁለት ሰነዶች በአንድ አዳራሽ

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። የአዲሱ ዓመት በጀት በግንቦትና በሰኔ ወደ ምክር ቤቱ ይመጣል። የዋና ኦዲተሩ ዓመታዊ ሪፖርትም፣ ያለፈውን የተዘጋ ዓመት ሂሳብ ይዞ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ሰሞን ይቀርባል። ይህ ዕድል ነበር። ባለፈው ገንዘብ ምን እንደሠራህ የሚናገረው ሰነድና ለሚመጣው ዓመት ስንት እንደምትፈልግ የሚናገረው ሰነድ በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ሰሞን፣ በአንዱ የምክር ቤት አባል ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ግን አይተዋወቁም። አንዱ ወደ አንዱ ቋሚ ኮሚቴ፣ ሌላው ወደ ሌላው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ውይይቱ ይደረጋል፣ እጅ ይወጣል፣ ሁለቱም ወደየመደርደሪያቸው ይመለሳሉ።

የግኝቶቹን ስም የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ በቃሉ ያውቃቸዋል፦ በወቅቱ ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ፣ ከበጀት በላይ የወጣ፣ በሥራ ላይ ሳይውል የቀረ። ከዓመት ዓመት የሚለወጠው ቁጥሩ እንጂ ርዕሱ አይደለም። አቶ ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩባቸው ዓመታት የኦዲት ግኝቶች ሳይታረሙ እየተደጋገሙ መምጣታቸውን ለምክር ቤቱ ደጋግመው አመልክተዋል። በእርሳቸው ቦታ የተተኩት ወይዘሮ መሠረት ዳምጤም ይህንኑ አቤቱታ ቀጥለውበታል። እንግዲህ ኦዲተሩ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። አንድ ሐኪም ለአሥር ዓመት ያንኑ በሽታ ጽፎ ሲያስረክብ የሚታማው ሐኪሙ ነው ወይስ ማዘዣውን ተቀብሎ ኪሱ የሚከተው?

የቋሚ ኮሚቴው መድረክ ሲካሄድም ንግግሩ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ «ግኝቱን እንደ ግብዓት ወስደነዋል» ይላል፤ «እኔ ለቦታው አዲስ ነኝ» ይላል፤ «ማስረጃው እየተሰባሰበ ነው» ይላል። ኮሚቴው ይቆጣል፤ የማስተካከያ የድርጊት መርሐ ግብር በዚህን ያህል ቀን ይቅረብ ብሎ ያሰናብታል። ቁጣው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በፋይናንስ ዳይሬክተሩና በግዥ ኃላፊው ላይ ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ። ከዚያ ሰኔ ይመጣል፤ ያው መሥሪያ ቤት በጀቱን፣ ብዙ ጊዜም ጨምሮ፣ ይረከባል። «ያለፈው ዓመት ግኝት ስላልታረመ ከዚህ መሥሪያ ቤት በጀት ይህን ያህል ብር ቀንሰናል» የሚል ውሳኔ ከምክር ቤቱ ወጥቶ ያየ አንባቢ ካለ ያሳየኝ፤ ይህን ጽሑፍ አነሣዋለሁ።

ስም የመለወጥ በረከት

ተጠያቂነትን የሚያመልጡበት ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም መሥሪያ ቤቱን ማፍረስና መልሶ መሥራት ነው። በ2008 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ወጣ፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1097 ሚኒስቴሮቹ ወደ 20 ዝቅ አሉ፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ 1263 ደግሞ 22 ሆኑ። እኔ የምሠራበትን ዘርፍ ብንወስድ፣ ከፍተኛ ትምህርት ከትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ በ2011 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተብሎ ለብቻው ቆመ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ትምህርት ሚኒስቴር ገባ። ንግድና ኢንዱስትሪም በ2011 ተዋህደው በ2014 ተለያዩ።

አደረጃጀት መለወጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ መንግሥት እንደ ዘመኑ ሥራውን ሊያከፋፍል ይችላል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ሚኒስቴሩ ሲፈርስ ያልተወራረደው ሂሳብ ከማን ጋር ይሄዳል? ንብረቱን ማን ቆጥሮ ያስረክባል? የትናንቱ ኃላፊ አምባሳደር ወይም አማካሪ ሆኖ ሲዛወር፣ የዛሬው ኃላፊ «ከእኔ በፊት የነበረ ነው» ሲል ምክር ቤቱ ማንን ይጠይቃል? ሂሳቡን ሳያስዘጋ መሥሪያ ቤት የሚያፈርስ አዋጅ ያጸደቀ ምክር ቤት፣ ኋላ ተጠያቂ ቢያጣ የሚገርም ነገር የለውም። ፊርማውን ያኖረው እርሱ ራሱ ነው።

የደመወዝ መዝገቡስ?

ስለ ገንዘቡ ቢያንስ ይወራል፤ ስለ ሰው ኃይሉ ግን ዝምታ ነው። ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በኖረው የበጀት አመዳደብ ሂሳብ መደብ 6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ፣ 6231 ውሎ አበል ነው። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች በስተጀርባ የመሥሪያ ቤቱ እውነተኛ ታሪክ አለ፤ ማን ተቀጠረ፣ ማን ታለፈ፣ ማን መስክ ወጣ፣ ማን ቢሮ ቀረ።

አንድ የምክር ቤት አባል ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። በመዋቅሩ ላይ ስንት የሥራ መደብ ተፈቅዷል? ስንቱ ሰው አለበት? ክፍት ለሆነው መደብ የተያዘው ደመወዝ በበጀት ዝውውር ወደ የት ሄደ? ስንት ኃላፊ በውክልና ወይም በተጠባባቂነት ተቀምጧል፣ ለምን ያህል ጊዜ? ስንት አማካሪ አለ፣ ምን አማከረ? የትምህርት ማስረጃቸው ተጣርቷልን? በውክልና የተቀመጠ ሰው ለሕዝብ ሳይሆን ለወከለው እንደሚታዘዝ ለማወቅ የአስተዳደር ሳይንስ መማር አያስፈልግም።

ስሙን በማልጠራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር በውድ የተገዛ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ከነሣጥኑ ዓመታት ሲቀመጥ አይቻለሁ። መሣሪያውን የሚተክለውና የሚያሠራው ባለሙያ መደብ በመዋቅሩ ላይ ነበር፤ ሰው ግን አልተቀጠረበትም። ኦዲተር ቢመጣ ግዥውን አንድ ግኝት፣ ክፍት መደቡን ሌላ ጉዳይ አድርጎ ይጽፈዋል። በእውነቱ ግን ብክነቱ አንድ ነው። ገንዘብንና ሰውን ለያይቶ የሚያይ ቁጥጥር ሣጥኑን እንጂ ሣጥኑ ለምን እንዳልተከፈተ አያይም።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የ2018 የፌዴራል በጀት ደግሞ ወደ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው 801.65 ቢሊዮን ብር ነበር። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ውስጥ ብዙው ለዕዳ ክፍያና ለክልሎች ድጎማ ይሄዳል፤ የብሩም አቅም ወርዷል። ቢሆንም የዚህ በጀት አንድ በመቶ 19.3 ቢሊዮን ብር ነው። በ6,000 ብር መነሻ ብናሰላው ከ260 ሺህ በላይ ሠራተኞች ዓመቱን ሙሉ የሚከፈሉት ደመወዝ ይወጣዋል። «ጥቃቅን የሂሳብ ጉድለት» የሚሉን ሰዎች ስለምን እንደሚያወሩ ይህ ስሌት ይንገራቸው። የቤት ኪራይ ከፍሎ ለወር አስቤዛ የሚበደረው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የጉድለቱ ባለዕዳ እርሱ መሆኑን ያውቃል።

ማን ማንን ይጠይቅ?

ከተቃራኒ ወገን የሚነሡ መልሶች እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው «ፓርቲያችን ራሱን በራሱ ይገመግማል» የሚለው ነው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ያዙ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተቃዋሚ ፓርቲ የነበረው ድምፅ የአቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በመጀመሪያው ዙር ብልጽግና ከ436 መቀመጫዎች 410 አገኘ። ግምገማ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ሂሳብ ግን የአገር ጉዳይ ነው። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ሲል ፓርቲን አልጨመረም።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጅምርም ታይቶ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ለተቃዋሚው የአብን አባል ለአቶ ክርስቲያን ታደለ ተሰጠ። በመድረኩም ጠንከር ያሉ ጥያቄዎች ተሰሙ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግን በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ሰብሳቢው ታሰሩ። የክሱን ጉዳይ ለፍርድ ቤት እተወዋለሁ፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ቁጥጥር በአንድ ሰው ድፍረት ላይ ከተንጠለጠለ ሰውየው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። በእንግሊዝ የወጪ ተቆጣጣሪው ኮሚቴ በ1861 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ያስገኘው ትልቁ ነገር የጸና ልማድ ነው፤ ሰብሳቢነቱን ገዥው ፓርቲ አይወስድም፣ ሰብሳቢው ቢለወጥም ጥያቄው አይለወጥም።

ሁለተኛው መልስ «አገር በፈተና ላይ ሳለች ስለ ደረሰኝ አታውሩ» የሚለው ነው። ይህ መልስ ተገላቢጦሽ ነው። ደረሰኝ የሚያስፈልገው በችግር ቀን ነው፤ በጥጋብ ዘመን የባከነ ብር ቅንጦት ይቀንሳል፣ በችግር ዘመን የባከነ ብር መድኃኒት ይቀንሳል።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ ሦስቱም ሕገ መንግሥት ማሻሻል አይጠይቁም።

አንደኛ፣ በጀትና ኦዲት በአንድ ፋይል ይቅረቡ። ያለፈውን ዓመት ግኝት ያላረመ መሥሪያ ቤት የበጀት ጭማሪ አያግኝ፤ ከውሎ አበሉ፣ ከተሽከርካሪው፣ ከዕቃ ግዥው ይቀነስ እንጂ ሕዝብ የሚያገለግልበት ሥራ አይነካ።

ሁለተኛ፣ ግኝቱ ስም ይኑረው። የደቡብ አፍሪካ ምክር ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የኦዲት ሕግ ዋና ኦዲተሩ አስገዳጅ የማስተካከያ ውሳኔ እንዲሰጥ፣ እምቢ ባለው ኃላፊም ላይ ጉዳቱን በግል የሚያስከፍል የዕዳ ሰነድ እንዲያወጣ ፈቅዷል። መሥሪያ ቤት አያፍርም፣ አይታሰርም፣ ዕዳም አይከፍልም፤ ሰው ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከበጀት ጥያቄው ጋር የተፈቀደ፣ የተያዘና ክፍት የሥራ መደቡን፣ የውክልና ሹመቶቹን ዝርዝር ያቅርብ፤ ሰነዱም ለሕዝብ ይፋ ይሁን። መሥሪያ ቤት በአዋጅ ሲፈርስም የሂሳብ መዝጊያና የንብረት ርክክብ ሰነዱ ሳይቀርብ አዋጁ አይጽደቅ።

የምክር ቤት አባል ሆይ! በሚመጣው ሰኔ የበጀት ረቂቁ ከፊትህ ሲቀመጥ የዋና ኦዲተሩን ሪፖርት ከጎኑ አኑረውና የአንዱን መሥሪያ ቤት ስም በሁለቱም ላይ ፈልግ። ከዚያ እጅህን ከማውጣትህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ መልሱን እስክትሰማም እጅህን አታውጣ። የመረጠህ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ ጀግንነት አልጠየቀህም።

ቸር ያሰማን።