አቮካዶ ወይስ ዋንዛ? በዱራሜ ጓሮ ላይ የተነሣ ሙግት

አንዱ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርና ንብ አርቢ ናቸው። ሌላዋ አቮካዶ እያዳቀለች ችግኝ የምትሸጥ ወጣት ናት። የጓሮው ዋንዛና ብሳና ተነሥቶ በአቮካዶ ቢተካ ወፉና ንቡ ምን ይሆናሉ በሚለው አልተስማሙም።

መምህሩ፦ ዋንዛው ይቆይ

ከአምባሪቾ ተራራ ግርጌ ያደገ ሰው የጓሮን አሠራር ከማንም አይማርም። ቤቱን ተጠግቶ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ አለፍ ብሎ ጎመንና ጎደሬ፣ ዳር ዳሩን ኮርችና ግራዋ፣ ከሁሉም በላይ ጥላቸውን የሚጥሉት ዋንዛና ብሳና። በከምባታ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ ደን የሚባለውም ተመናምኗል። ለወፍ የተረፈላት ደን ይኸው ጓሯችን ነው። ዛሬ ግን ዋንዛው ለጣውላ እየተሸጠ በቦታው አቮካዶ ይገባል።

አቮካዶ አልጠላም። የዱራሜን ጭማቂ ቤቶች የሚያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ይጠላል? የምለው ለወፍ ማዕድ አይሆንም ነው። ፍሬውን ሰንጥቃችሁ ዘሩን እዩት፤ የሕፃን ጡጫ ያክላል። በትውልድ አገሩ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ይህን የሚያክል ዘር ውጠው ራቅ ብለው ይጥሉ የነበሩት ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት የጠፉ ግዙፍ አራዊት እንደነበሩ ይታመናል። የኛ ወፍ በየት ጉሮሮዋ ትውጠው? ደግሞም አቮካዶ ዛፉ ላይ ሳለ አይለሰልስም፤ የሚለሰልሰው ከተቀጠፈ ወይም ከወደቀ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ፍሬ ለወራት ተንጠልጥሎ ወፏ ከሥሩ ጦሟን ታድራለች።

የዋንዛን ፍሬ ደግሞ እዩ። ሲበስል ቢጫ ይሆናል፤ ውስጡ ጣፋጭ ነው፤ ጣት ላይ ይጣበቃል። ልጅም ወፍም ይለቅመዋል። ወፏ ዋጥ አድርጋ ዘሩን ሌላ ሰው አጥር ሥር ትጥለዋለች፤ ማንም ሳይተክለው በየአጥሩ የሚበቅለው ዋንዛ እንዲህ የመጣ ነው። ሾላ ያለበት ጓሮማ የበለጠ ይታደላል። አረንጓዴ ጀርባ፣ ነጭ ጉንጭና ረጅም ጭራ ያላት ወፍ አለች። ተቀምጣ ሳለ ቅጠል ውስጥ ትጠፋለች፤ ስትበር ግን ክንፏ ደማቅ ቀይ ነው። ያ ቀይ ቀለም መዳብ አለበት፤ ከእርሷና ከዘመዶቿ በቀር በሌላ ወፍ ላይ አይገኝም። ይህች ወፍ ፍሬ በሊታ ናት። ሾላውና ዋንዛው ሲነሣ አብራ ትነሣለች።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የአቮካዶ ቅጠል፣ ልጣጭና ዘር ፐርሲን የሚባል መርዝ አለበት። ሰውን አይጎዳም፤ ፍየልን፣ በግን፣ ፈረስንና በቤት የሚያዙ ወፎችን ግን ይጎዳል። ቅጠሉን የበላች የምታጠባ ፍየል ጡቷ ያብጣል፤ ወተቷም ይቀንሳል። ከብቱ ከቤት ደጃፍ በሚታሰርበት አገር ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ወጣቷ፦ የሚከፍል ዛፍ አይቆረጥም

ጋሼ፣ ስለ ዘሩም ስለ ፐርሲኑም ያሉት እውነት ነው። ፍየል ያለው ሰው የተገረዘውን ቅርንጫፍ ከበረቱ ያርቅ፤ እኔም ችግኝ ስሸጥ ይህን እናገራለሁ። ነገር ግን ወፍ ዛፍ ላይ የምትመጣው ለመብላት ብቻ እንደሆነ አስመሰሉት።

ዋንዛዎ በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል። በጥርና በየካቲት፣ ፀሐዩ ሲበረታና አሞራው ከላይ ሲያንዣብብ፣ ዋኖስ የት ትግባ? አቮካዶ ዓመቱን ሙሉ ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ነው። እኔ ባየኋቸው ጓሮዎች ዋኖስ ጎጆዋን የምትሠራው እዚያው ቅጠሉ መሐል፣ ከታች ቆሞ የሚያይ ሰው በማያገኘው ቦታ ነው። አውሮፓውያን ቅጠሏን ሾርባ ውስጥ የሚጨምሯት የሎሬል ዛፍ የአቮካዶ የቅርብ ዘመድ ናት። እርሷንም ጓሮ ውስጥ የሚተክሏት ሰዎች ለወፍ ጥቅሟን ሲቆጥሩ መጠለያዋን አይረሱም፤ በክረምታቸው ሌላው ዛፍ ሲራቆት እርሷ ቅጠሏን ትይዛለችና።

ንብንም ረሱት፤ ንብ አርቢ ሆነው! የአቮካዶ አበባ ትንሽ ነው፤ ቀለሙም አረንጓዴ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ከሩቅ አይማርክም። አንዷ አበባ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች፦ መጀመሪያ እንደ ሴት ዱቄቱን ለመቀበል፤ ከዚያ ትዘጋና በማግስቱ እንደ ወንድ ዱቄቱን ለመስጠት። ሃስ የሚባለው ዝርያ ጠዋት ሴት ሆኖ ሲከፈት ፉዌርቴ የሚባለው ከሰዓት ነው። ሁለቱን አጠጋግቶ የተከለ ሰው ንብ ካለው ፍሬው ይበዛለታል። ከሺህ አበባ አንዱ እንኳ ፍሬ አይሆንም፤ ሌላው ሁሉ የንብ ቀለብ ነው።

የማይስማማኝ ግን ዋናው ነገር ነው። ዋንዛን የሚያስቆርጠው አቮካዶ አይደለም፤ የትምህርት ቤት ክፍያና የመድኃኒት ገንዘብ ነው። ዋንዛ የሚከፍለው አንድ ጊዜ፣ ሲወድቅ ነው። አቮካዶ የሚከፍለው ቆሞ ነው። ከዘር የበቀለው ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ የተዳቀለው ግን በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል። በጭንቅ ቀን ገበሬው በመጋዝ የሚቀርበው ቆሞ ወደማይከፍለው ዛፍ ነው። እርስዎ ወፏን አስቡላት ይላሉ፤ ባለ ጓሮውን ማን ያስብለት?

መምህሩ፦ ቀለቡ ለስንት ወር ነው?

ልጄ፣ ሎሬልን ባታነሺ ይሻልሽ ነበር። የሎሬል ፍሬ ትንሽ ጥቁር ነው፤ ወፍ እንዳለ ትውጠዋለች። በመካከለኛው አሜሪካ ደግሞ ኬትሳል የሚባለው ውብ ወፍ የአቮካዶን የዱር ዘመዶች ትናንሽ ፍሬ በመዋጥ ነው የሚኖረው። ቤተሰቡ ንፉግ አይደለም፤ የኛ ጓሮ ውስጥ የገባው፣ ሰው ለራሱ አፍ መርጦ ያገዘፈው አባሉ ነው ንፉግ።

ወደ ንቡ ልምጣ፤ ይህ የኔ ሥራ ነው። አቮካዶ ሲያብብ ንብ እንደምትወርድበት አያለሁ። ካበበ በኋላስ? ቀፎ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ክረምቱ ሲገባ ብሳና አለ፤ ክረምቱ ሲወጣ ዋንዛ ነጭ ለብሶ ይመጣል፤ በታኅሣሥና በጥር ግራዋ ያብባል። ኮርች ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ ሲቆም መንቆራቸው ቀጭን የሆኑት ወፎች ወለላውን ይቀስማሉ። ይህን ሰንሰለት ከመሐል ከበጠስሽው ንቡ ጥሎሽ ይሄዳል፤ አቮካዶሽም በአበባ ብዛት ብቻ ይቀራል። የሞራል ክርክር አላነሣም፤ ለፍሬሽ ስትይ ዋንዛዬን ተይልኝ።

መጠለያው ትክክል ነው፤ ተቀብያለሁ። ዋኖስ በሎሚ ዛፍም ላይ ጎጆ ትሠራለች። እዚህ አገርና በኤርትራ ብቻ የምትገኘው ባለ ጥቁር ክንፏ አረንጓዴ በቀቀን ግን እንቁላሏን የምትጥለው በዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጉድጓድ የሚገኘው በሸመገለ ግንድ ላይ ነው። በየዓመቱ የሚገረዝ አቮካዶ ውስጥ ጉድጓድ ትጠብቂያለሽ?

ወጣቷ፦

አልጠብቅም ጋሼ። በጓሮዬ ዋንዛ ሳይሸጥ መቶ ዓመት የሚያረጅበትን መንገድም አላውቅም፤ እርስዎም አልነገሩኝም።

የንቡን ወር አቆጣጠር ግን ወስጃለሁ። ከእኔ ዘንድ ችግኝ የሚገዛ ሰው የአጥሩን ግራዋና ኮርች እንዲተው እነግረዋለሁ፤ ሁለቱም ከአቮካዶው ጋር የሚሻሙት መሬት ትንሽ ነው። ዋንዛው ከቆመም እንዲቆም እነግረዋለሁ። አዲስ ጉድጓድ ቆፍሮ ምን ልትከል ብሎ ለሚጠይቀኝ ግን መልሴ ያው ነው፤ የተዳቀለ አቮካዶ፣ ከእንሰቱ ራቅ ብሎ። ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪጨርሱ ድረስ እንኳ ቢሆን።