የእግረኛው መንገድ በረዶም የሕዝብ በጀት ይገባዋል

የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 በመንታ ከተሞቹ ዙሪያ ባሉት 7 ካውንቲዎች ለትራንስፖርት የሚውል የ0.75 በመቶ የሽያጭ ታክስ ደንግገዋል። ለሜትሮፖሊታን ካውንስል ከሚደርሰው ድርሻ 5 በመቶው ለእግረኛና ለብስክሌት ተመድቧል። በ2005 ሚኒያፖሊስ ያገኘችው 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፌዴራል ገንዘብ የሙከራ ድጎማ ነበር፤ ይህኛው ግን በየዓመቱ የሚገባ ነው።

መንገድ መሥራት ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሚኒያፖሊስ የመኪናውን መንገድና የብስክሌት መሥመሮችን በራሷ ወጪ ከበረዶ ታጸዳለች። የእግረኛውን መንገድ የማጽዳት ግዴታ የወደቀው ግን በንብረቱ ባለቤት ላይ ነው፤ በረዶው ካቆመ በኋላ ለመኖሪያ ቤት 24 ሰዓት፣ ለአፓርታማና ለንግድ ቤት 4 የቀን ሰዓት ይሰጣል። ከመንገዱ አንድ ደጃፍ ሳይጠረግ ከቀረ በዊልቸር የሚሄደውም፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋዋም እናት ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሴዳር ሪቨርሳይድ መኪና የሌለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ ሥራም ትምህርት ቤትም የሚደርሰው በእግር፣ በአውቶቡስና በባቡር ነው።

ስለዚህ የግዛቱ ምክር ቤት ከተሞች የእግረኛን መንገድ እንዲያጸዱ የሚያስችል ቋሚ ድጎማ ይመድብ፤ ሥራውም በአውቶቡስ ፌርማታዎች ዙሪያና መኪና የሌላቸው በሚበዙባቸው ሰፈሮች ይጀመር። ወጪው ከባድ ነው የሚሉ አሉ፤ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ያው ወጪ ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍሉት በበረዶ ላይ ወድቀው አጥንታቸው የሚሰበር አረጋውያን ናቸው። የበጀት ረቂቅ የሚያሰናዱ የምክር ቤት ባለሙያዎች ይህንንም በሒሳቡ ውስጥ ያስገቡት።