የስልክ አካልና የነጋዴ ቃል

የአምቦ ነጋዴ ብርጭቆ ምን ዓይነት ዕቃ መሆኑን ለማወቅ መምህር አያስፈልገውም። የአምቦ ውሃ በጠርሙስ እየታሸገ ለገበያ መውጣት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጠርሙሱን በሣጥን እያኖረ የሚጭነውና የሚያወርደው ሰው ብርጭቆ ሲይዙት ጠንካራ፣ ሲጥሉት ግን ደካማ መሆኑን በእጁ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ፊቱም ጀርባውም ብርጭቆ የሆነ የእጅ ስልክ ለገዢ ሲቀርብ «ይህ አይሰበርም» የሚል ቃል በየሱቁ ይሰማል። ለጠርሙስ የማይነገር ምስክርነት ለስልክ የሚነገርበት ምክንያት የለም።

ነገሩ የቀላል ጨዋታ አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ ስልክ የብዙ ሰው የገንዘብ ከረጢት ሆኗል። ወደ ጊንጪ ገበያ ጤፉን የሚያወጣው ገበሬ፣ በጉደር ሱቅ የከፈተችው ወይዘሮ፣ በአምቦ ባጃጅ የሚነዳው ወጣት ሒሳባቸውን በዚሁ ዕቃ ይቀበላሉ። መስተዋቱ የደቀቀበት ሰው ስልኩ እስኪጠገን ድረስ ገበያው ይታጎልበታል። ከዚህም በላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስልክ ወይ ተሠርቶ ከውጭ ይመጣል፣ ወይ ክፍሎቹ ከውጭ መጥተው አገር ውስጥ ይገጣጠማሉ፤ ስለዚህ ዛሬ አንድ ስልክ ቢሰበር ጉዳቱ ከቀድሞው እጅግ የከበደ ነው።

የስልክ አካል በይበልጥ የሚሠራው ከሦስት ነገሮች ነው፤ ይኸውም ከፕላስቲክ፣ ከአሉሚኒየምና ከብርጭቆ ነው። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ሲመታ ጥቂት ይለመጥና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የአወዳደቁንም ኀይል በከፊል ራሱ ይውጠዋል። ይጫጫራል እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቅም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 የወጣውና በጥንካሬው እስከ ዛሬ የሚወሳው ኖኪያ 3310 ልብሱ ፕላስቲክ ነበረ። አሉሚኒየም ደግሞ አይሰነጠቅም፤ ነገር ግን ይጎደጉዳል፣ ማዕዘኑም ሲጣመም አጠገቡ ያለውን መስተዋት ተጭኖ ይሰብረዋል። ብርጭቆን ፋብሪካዎች በጋለ የፖታሲየም ጨው ውስጥ እየነከሩ ያጠነክሩታል፤ በዚህም የላይኛው ገጽ እርስ በርሱ ተጨቋኝ ስለሚሆን ከተራ ብርጭቆ ይልቅ ጽኑ ይሆናል። ሆኖም አሸዋ የጫረው ወይም ማዕዘኑን ድንጋይ ያገኘው እንደ ሆነ፣ ስንጥቁ ከዚያችው ነጥብ ተነሥቶ ዳር እስከ ዳር ይሮጣል።

ፋብሪካዎች ብርጭቆን ለጀርባ የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ብረት የሬዲዮ ሞገድን ይከለክላል፤ ብርጭቆ ግን ያሳልፋል፤ ያለ ገመድ ኤሌክትሪክ ለመሙላትም ያመቻል። ፕላስቲክም ቢሆን ይህንኑ ያሳልፋል። ስለዚህ የብርጭቆ ጀርባ ትልቁ ብልጫ ውበቱና ጭረት አለመፍራቱ ነው፤ ለዚህም ገዢው በውድ ዋጋ ይከፍላል፣ ሲወድቅበትም ዳግመኛ ይከፍላል።

ከአንድ ሜትር ከፍታ የወደቀ ስልክ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በለሰለሰ የአፈር መንገድ ላይ ቢያርፍ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ በኮብልስቶን ላይ በማዕዘኑ ቢያርፍ ግን ያ ሁሉ ኀይል በአንዲት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። አንዳንድ ስልክና ሽፋን «የአሜሪካን ጦር መመዘኛ ያለፈ» ተብሎ በማሸጊያው ላይ ይጻፍበታል። የታወቀው የዚህ መመዘኛ ፈተና ዕቃውን ከ122 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ መጣል ነው፤ ነገር ግን የሚወድቀው በተነባበረ ጣውላ ላይ ነው፤ 26ቱንም ጊዜ እስከ አምስት ለሚደርሱ ስልኮች ማካፈል ይፈቀዳል። የጌዶና የባኮ መንገድ ግን ጣውላ አልተነጠፈበትም።

ገዢው የሚያብረቀርቀውን ይወዳል፣ ነጋዴውም የተወደደውን ያቀርባል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህም ይሠራል። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ፤ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት የብዙዎቹ ስልኮች ጀርባ ብርጭቆ ቢመስልም የተወለወለ ፕላስቲክ ነው። ይህን «ብርጭቆ ነው» ብሎ የሚያሞግስ ሻጭ ሐሰት መናገሩ ብቻ ሳይሆን ለአወዳደቅ የሚሻለውን የዕቃውን እውነተኛ ብልጫ ይሰውረዋል።

ስለዚህ አስመጪው ለወረዳ ከተሞች ዕቃ ሲያዝ የጀርባውን ዓይነት በጽሑፍ ጠይቆ መቀበል፣ ከብርጭቆው ይልቅም ፕላስቲኩን ማብዛት ይገባዋል። ባለ ሱቁም ሳይመረምር አይሽጥ። ብርጭቆ በእጅ ሲይዙት ይቀዘቅዛል፣ በጥፍር ሲመቱትም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ፕላስቲክ ግን ለእጅ ሞቅ ይላል፣ ድምፁም የታፈነ ነው። ለስላሳው የላስቲክ ከቨር ከደረቁ ይልቅ ምቱን ይውጣል፤ ጠርዙ ግን ከመስተዋቱ ከፍ ማለት አለበት። ጠርዙ ከመስተዋቱ ከፍ ያላለ እንደ ሆነ ከቨሩ ለጌጥ ብቻ ነው።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ለሆነበት ገበሬ ይህን መረጃ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ሊሰጠው የሚችለው ሻጩ ነው። «ጀርባው ብርጭቆ ነው፤ ቢወድቅ ይሰበራል፤ ይህን ከቨር አልብሰው» የሚል ነጋዴ በዚያች ሰዓት አንድ ሽያጭ ያመልጠው ይሆናል። በሚመጣው ገበያ ግን ያው ገበሬ ወንድሙን ይዞ ይመለሳል። «አይሰበርም» የተባለውን ገዝቶ ስብርባሪውን የታቀፈ ሰው ግን ወደዚያ ሱቅ የሚመለሰው ለክርክር ብቻ ነው።