ድረ ገጹ ለምን ይዘገያል?

የግራና ተማሪ በሞባይሉ የከፈተው የዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ሲዘገይበት፣ ኔትወርኩን ብቻ መውቀስ ለምደናል። ከጥፋቱ ከፊሉ ግን የእኛ ሊሆን ይችላል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 6,000 ኪሎ ሜትር ከራቀ ሰርቨር ጋር አንድ ደርሶ መልስ ከ60 ሚሊ ሰከንድ አያንስም፤ ሰርቨሩን ካላቀረብን፣ ያለን መላ ምልልሱን መቀነስ ነው። በኤችቲቲፒ 1.1 ምስሎቹ በአንድ ግንኙነት ላይ እንደ መስኖ ውኃ ተረኞች ወረፋ ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኤችቲቲፒ 2 ሁሉንም ቆራርጦ፣ አቀላቅሎ ባንድ ግንኙነት ይልካል፤ ነገር ግን አንድ እሽግ መንገድ ላይ ከጠፋ፣ በቲሲፒ ደንብ የኋለኞቹ ሁሉ ይቆማሉ። ሲግናል በሚዋዥቅበት ስፍራ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም! በ2022 የጸደቀው ኤችቲቲፒ 3 የሚያስጠብቀው የጠፋበትን ፋይል ብቻ ነው። ይህን ገና ያልጀመሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሊጀምሩት ይገባል እንላለን፤ አዲስ ኬብል አይጠይቅም፣ የሰርቨር ማስተካከያና ዩዲፒን የሚያሳልፍ ፋየርዎል እንጂ።