ኦስካርን የምትገምት ልጅ ደላላን ለምን አመነች?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፊልም ሽልማት ነው። «ስንት ጉዳይ እያለ ይሄ ሰው ዛሬ ምን ነካው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ ተቆጡኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው።

ኢምባካሲ ውስጥ በምንኖርበት ፎቅ ላይ ልጆቹ ማታ ማታ የሚሰበሰቡባት አንዲት ክፍል አለች። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የቴሌቪዥኑ ድምፅ አይሰማም፤ እስኪያልፍ ዝም ብለን እንጠብቃለን። በዚያች ክፍል ኦስካር እንደ ዓመት በዓል ነው። በመጋቢት 2025 እኛ ጋ የጀመረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ቶክን ቀድሞ ይሞላል፣ ቡና ይፈላል፣ እያንዳንዱ ሰው 100 ሽልንግ ያዋጣና ማን እንደሚያሸንፍ በወረቀት ጽፎ ያስቀምጣል። ብዙ ያገኘ ጠቅልሎ ይወስዳል።

ሁለት ዓመት ተከታትላ ጠቅልላ የወሰደችው ፀጉር ቤት የምትሠራ አንዲት እህታችን ናት። ከእጩዎቹ ግማሹን እንኳ አላየችም። እኔ አብዛኛውን አይቼ እሸነፋለሁ። ምስጢሯን ስጠይቃት «አንተ የምትወደውን ትጽፋለህ፣ እኔ እነሱ የሚመርጡትን እጽፋለሁ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ድምፅ ሰጪዎች አሉት። ተዋንያን፣ ዳይሬክተሮች፣ ፕሮዲውሰሮች፣ የካሜራ ባለሙያዎች ናቸው። ብዙዎቹ የየሙያ ማኅበራቸውም አባል ናቸው፣ ማኅበራቱ ደግሞ ከኦስካር በፊት የራሳቸውን ሽልማት ይሰጣሉ። በ2025 «አኖራ» የተባለው ፊልም የፕሮዲውሰሮቹንና የዳይሬክተሮቹን ማኅበር ሽልማት በአንድ ምሽት ሲወስድ፣ እህታችን ወረቀቷን ያኔውኑ ሞላች። እኔ 13 ጊዜ የታጨውን «ኤሚሊያ ፔሬዝ»ን ጻፍኩ። 13 ሲባል ማን ያልጽፋል? በመጨረሻ 2 ብቻ ወሰደ። የዓመቱ ምርጥ ፊልም «አኖራ» ሆነ።

ሌላም የምታውቀው ነገር አለ። ለምርጥ ፊልም ድምፅ ሲሰጥ አንድ ብቻ አይመረጥም፤ እጩዎቹ 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እየተባሉ በደረጃ ይጻፋሉ። ትንሹን ድምፅ ያገኘ ይወጣና የእሱ ድምፅ ለቀጣዩ ምርጫ ይተላለፋል፣ አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ። የእድር ሊቀመንበር ስንመርጥ እንደሚሆነው ነው። ግማሹ የሚወደው ግማሹ የሚጠላው ሰው ይቀርና ማንም ብዙ የማይጠላው ሰው ይሾማል።

ይህም ሆኖ ትንበያ ጥንቆላ አይደለም። በ2020 «1917» የተባለው የጦርነት ፊልም የሁለቱንም ማኅበራት ሽልማት ይዞ ገብቶ፣ ኦስካሩን የደቡብ ኮሪያው «ፓራሳይት» ወሰደው። ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ምርጥ ፊልም ሲባል የመጀመሪያው ነበር። ጎበዝ ገማች እንደሚሳሳት ያውቃል፤ ለዚህም ነው ከ100 ሽልንግ በላይ የማናስይዘው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የእኛን ፊልም በልባችን እንገምታለን፣ በልባችንም እንሸነፋለን። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። ኢትዮጵያ ለኦስካር ላከችው፣ ከመጨረሻዎቹ አምስት ግን አልገባም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነበር፤ እሱም ተልኮ አልታጨም። ሐረር ላይ ስለ ጫትና ስለ መሰደድ የሚያስቡ ልጆችን የሚያሳየው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ከ15ቱ ውስጥ ደርሶ እዚያው ቀረ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት ወስዷል። ሥራው ትንሽ ሆኖ አይደለም። የወደደው ሰውና ድምፅ የሚሰጠው ሰው ስለሚለያዩ ነው።

በስደተኛ ላይ የተሠሩትንም ተመልከቱ። በ2019 የሊባኖሱ «ካፈርናሆም» ሲታጭ እኔ ያሸንፋል ብዬ ምዬ ነበር። ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት እናት አለችበት፣ ልጇን ዮናስን ደብቃ የምታሳድግ። እሷን ሆና የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሽፈራው ራሷ ወረቀት አልነበራትም፤ ፊልሙ እየተቀረጸ ሳለ በእውን ታስራለች። አማርኛ ኦስካር ደጃፍ ላይ ሲሰማ እንዴት አላሸንፍም ልበል? ግን በዚያው ዘርፍ 10 ጊዜ የታጨው «ሮማ» ነበር። ዓይን ያለው ሰው ማን እንደሚያሸንፍ ያውቅ ነበር፤ እኔ በእንባ አላየሁትም። በ2022 የአፍጋኑን ስደተኛ ታሪክ የሚናገረው «ፍሊ» በሦስት ዘርፍ ታጭቶ በሦስቱም ተሸነፈ። በ2024 በሰሃራና በሊቢያ ያለፉትን ሴኔጋላውያን ልጆች የሚያሳየው «ኢዮ ካፒታኖ» ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጠንቅቃ የምታውቀው እህታችን ምን ሆነች? ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው፣ ስሟን ግን አልነካም።

በጥር 2025 አሜሪካ የስደተኞች ቅበላን ስታቆም የስንታችን ቤት እንደጨለመ ታውቃላችሁ። ሻንጣ የሸከፉ ነበሩ፣ የቤት ዕቃ የሸጡም ነበሩ። ከዚያ በኋላ «የካናዳ ስም ዝርዝር ወጥቷል»፣ «አውስትራሊያ ቦታ አለ» የሚሉ ሰዎች እንደ አሸን ፈሉ። አንዱ ለእህታችን ደወለላት። የፋይል ቁጥሯን ያውቃል። «ስምሽ ገብቷል፣ ኢንተርቪውሽ ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ቦታሽ እንዳይሄድ ግን 35 ሺህ ሽልንግ ያስፈልጋል» አላት። በኤምፔሳ ላከች። ሁለት ወሩ አለፈ። ስልኩ ተዘጋ።

ማኅበሮቹ ሳይሸልሙ 100 ሽልንግ የማታስይዝ ሰው 35 ሺህ ሽልንግ በስልክ ድምፅ ብቻ ሰጠች። ስትነግረኝ አለቀሰች። «ኦስካሩኮ ቀን አለው» አለችኝ። «እጩ የሚታወቅበት ቀን አለ፣ ድምፅ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ ፖስታው የሚከፈትበት ቀን አለ። የእኔ ፋይል ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንድም ቀን ተነግሮኝ አያውቅም። ያ ሰውዬ ቀን ነገረኝ፣ ለዚያ ነው ያመንኩት።»

ወገኖቼ፣ ይህ ንግግር እንቅልፍ ነሳኝ። ጓደኞቿ ሞኝ ናት አሉ፤ እኔ አልልም። የተራበ ሰው እንጀራ እንደሚያምን እሷም ቀን አመነች። ደላላው የሚሸጠው ቪዛ አይደለም፣ የሚሸጠው ቀን ነው። ገበያውን የከፈተለት ደግሞ የእኛ ጉዳይ በጨለማ መያዙ ነው። ስለዚህ ፋይላችንን የያዙትን ሁሉ በትሕትና የምጠይቀው ይህን ነው። ተቀባይነት ይኑረን አይኑረን የእናንተ ውሳኔ ነው፤ ግን ፋይላችን የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ንገሩን። «ዘንድሮ የሚሆን ነገር የለም» ማለትም መልስ ነው። ቁርጡን ያወቀ ሰው ሥራ ይፈልጋል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ሱቅ ይከፍታል። ያላወቀ ግን ስልኩን አቅፎ ይተኛል።

ለእኛ ለራሳችን ደግሞ ይህችን እህት ካርዷ ላይ ጎበዝ ያደረጋትን ዘዴ ለሕይወታችንም እንጠቀምበት። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይሉ የለ አባቶቻችን? ማንም ሰው ስለ ኬዛችሁ ሲተነብይላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ድምፅ የሚሰጠው ማነው? ውሳኔው የተቀባዩ ሀገር መንግሥት ነው። ደውሎ ያወራችሁ ሰው ድምፅ የለውም። የፋይል ቁጥር ማወቁም ምንም አያረጋግጥም፤ ቁጥራችንን ስንት ቦታ ፎቶ ኮፒ አስደርገን ትተነዋል።

ሁለተኛ፣ በአደባባይ ምን ተነግሯል? እህታችን «አኖራ»ን የጻፈችው ሁሉም ሰው ያየውን ውጤት ይዛ ነው። በሹክሹክታ ብቻ የሚገኝ ዝርዝር ዝርዝር አይደለም። ደግሞም ሪሴትልመንት በየትኛውም ደረጃ ገንዘብ አይጠየቅበትም። አንድ ሽልንግ የጠየቀ ሰው ያኔውኑ ራሱን አጋልጧል።

ሦስተኛ፣ ትንቢቱ ባይሠራ ማን ይከስራል? እኛ ክፍል ውስጥ የሚገምት ሰው የራሱን 100 ሽልንግ ያስይዛል። ደላላው ግን የሚያስይዘው የእናንተን ነው። ቢሳሳትም ይበላል።

«እንግዲያው ተስፋ ቁረጡ እያልከን ነው?» የሚል አይጠፋም። አላልኩም። እውነተኛ ተስፋ በአደባባይ ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱን ላሳያችሁ። አካዳሚው በሚያዝያ 2025 ባወጣው ደንብ፣ አንድ ሀገር ለዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ የሚልከው ሥራ ፈጠራው በአብዛኛው በዜጎቹ፣ በነዋሪዎቹ ወይም በዚያ ሀገር የስደተኝነት ወይም የጥገኝነት መብት ባላቸው ሰዎች እጅ መሆን እንዳለበት ጽፏል። «ስደተኛ» የሚለው ቃላችን ደንቡ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከኢራን ሸሽቶ የወጣው ሞሐመድ ራሱሎፍ ከዚያ ቀደም ብሎ በጀርመን ስም ተልኮ ታጭቷል።

ኬንያ ፊልም መላክ የጀመረችው በ2012 በ«ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ» ነው። አሁን ካርድ ያለው ስደተኛ በናይሮቢ የሠራው ፊልም ለኬንያ መራጮች ኮሚቴ ሊቀርብ የሚችልበት በር ተከፍቷል። ከ40 ደቂቃ መብለጥ አለበት፣ ሲኒማ ቤት ቢያንስ ለ7 ተከታታይ ቀን መታየት አለበት፣ ንግግሩም በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ውጭ መሆን አለበት። በ2019 የናይጄሪያው «ላየንሃርት» አብዛኛው ንግግሩ እንግሊዝኛ ሆኖ ነው የተሰረዘው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ስዋሂሊ ሁሉም ይሆናል። የላትቪያው «ፍሎው» ደግሞ በ2025 ኦስካር ሲወስድ የተሠራው ማንም በነፃ በሚያወርደው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ቀላል ነው አልልም፤ ገንዘብ፣ ፈቃድ፣ የጉዞ ሰነድ ሁሉም እንቅፋት ነው። ግን ደንቡ ተጽፏል፣ ቀኑም ይታወቃል፣ ጉቦ የሚጠይቅበትም የለም።

ሰርግና ልደት የምትቀርጹ ልጆች፣ ሰማችሁኝ? እስከ ዛሬ ታሪካችንን ሌሎች ሠርተው እኛ አልቅሰን አይተናል። አሁን ተራው የእናንተ ነው።

የ2026ቱ ኦስካር ቀን መጋቢት 6 ቀን 2018 በእኛ አቆጣጠር፣ ማርች 15 ቀን 2026 ተብሎ የተቆረጠ ነበር። እህታችን 35 ሺዋን ከፀጉር ቤቱ ደመወዝ እየቆጠበች እየተካች ነው፤ ወረቀቷንም ትሞላለች። እኔም ከእንግዲህ በእሷ ዘዴ ልሞላ ነው።

አንድ ግምት ብቻ በልቤ ልጻፍ። አንድ ቀን በዚያች ክፍል፣ ከሌሊቱ በሆነ ሰዓት፣ ከእኛው ሰፈር የወጣ ልጅ ስም ይጠራል። ዓመቱን አልናገርም። ዓመት የምናገር ከሆነ እኔም ደላላ ሆንኩ ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ ስልክ ተደውሎለት «ስምህ ወጥቷል» ለተባለ ሰው ሁሉ አድርሱልኝ። ቸር ወሬ ያሰማን።