ሙያና ምስክሩ

«በዝምታ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው፤ ዞር ብሎ ደግሞ «ዝምታ ወርቅ ነው» ይላል። ሁለቱ ተረቶች እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ቢመስሉም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሲኖሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰውየው ሹመት በሚታደልበት ስፍራ ዝም ማለት ጉዳት መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። በገዛ እጁ ስለ ሠራው ሥራ ተናገር ቢሉት ግን ጉራ የነዛ ይመስለውና አንገቱን ይደፋል። ከዚህም የተነሣ ስንትና ስንት ሙያ ከሠፈር ሳይወጣ ይቀራል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በአያት የሚሠራ አንድ ወጣት አናጢ ነው። አያት በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ የየካ ኮረብቶች በስተ ሰሜን በሚታዩበት በኩል የሚገኝ ሠፈር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ መገናኛን፣ ጉርድ ሾላን፣ ሲ.ኤም.ሲንና መሪን አልፎ የሚቆመው እዚያ ነው። ቪላውም፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃውም፣ ገና በእንጨት ርብራብ የታሰረው ፎቅም ጎን ለጎን ይታያሉ። ቤት የደረሰው ሰው ቁልፉን እንደ ተቀበለ በመጀመሪያ የሚፈልገው አናጢን ስለ ሆነ፣ በዚያ አካባቢ የመጋዝ ድምፅ የማይሰማበት መንገድ ጥቂት ነው።

ይህ ወጣት ከሦስት ሠራተኞች ጋር ቁም ሣጥንና የወጥ ቤት መደርደሪያ ይሠራል። የተዛነፈ በር ላሠራ ሄጄ ሳለ «ሥራ እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። ደላላ ካመጣልን እንሠራለን፤ ካላመጣልን እንቀመጣለን» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም «ከሊንክድኢንም ገብቼ ነበር፤ ምንም አልረባኝም» አለና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ።

ገጹን ያዘጋጀለት ዩኒቨርሲቲ የሚማር የእህቱ ልጅ ነው። ከስሙ በታች በእንግሊዝኛ «ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ይላል። (በዚህ ዘመን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ያልሆነ ሰው ማግኘት እያስቸገረ ሄዷል፤ ሥራውን የሚሠራው ማን እንደ ሆነ እንጃ!) ቀጥሎም ድርጅቱ ዓለም አቀፍ ደረጃን የጠበቀ አገልግሎት እንደሚሰጥ ተጽፏል። ከዚያ በታች አንድ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቁም ሣጥን ፎቶግራፍ አለ።

«ይህ ያንተ ሥራ ነው?» አልኩት።

«አይደለም ጋሼ፤ ከኢንተርኔት የተወሰደ ነው። የእኛ ያን ያህል ፎቶ ላይ አያምርም ብሎ ነው ልጁ።»

ይህን ሲለኝ ከጀርባው አንድ የዋንዛ ሣጥን ቆሞ ነበር። መጋጠሚያው ጥፍር አያስገባም፤ የእንጨቱ መስመር ከአንዱ በር ወደ ሌላው ሳይሰበር ይሄዳል። የራሱ ሥራ ተሰውሮ የማያውቀው ፈረንጅ ሥራ ስለ እርሱ ሊመሰክር ቆሟል። እንግዲህ ይህ ገጽ ያልረባው ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ መራቀቅ አያሻም።

ሊንክድኢን የተባለው የሙያ መተዋወቂያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 በካሊፎርኒያ ሥራውን ጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሪድ ሆፍማን ነው። በ2016 ማይክሮሶፍት በ26 ቢሊዮን ከ200 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2023 ደግሞ የተመዘገቡት አባሎች ቊጥር አንድ ቢሊዮን ማለፉን አስታወቀ። ገቢውን የሚያገኘው ሠራተኛ ከሚፈልጉ ድርጅቶች፣ ከማስታወቂያና ከደንበኝነት ክፍያ ነው። ለተራው ሰው ግን ዋናው ነገር ቀላል ነው፤ ማን እንደ ሆንክ፣ ምን እንደ ሠራህ፣ ስለ ሥራህም ማን እንደሚመሰክርልህ በአንድ ስፍራ ይነበባል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «በአያት ቁም ሣጥን ለመሸጥ ቴሌግራም አይበቃም ወይ?» ሊለኝ ይችላል። ለአንድ ሣጥን ይበቃል፤ ደላላም ይበቃል። ነገር ግን 40 ክፍል ያለው ሆቴል የሚያስገነባ ድርጅት፣ ክሊኒክ የሚነድፍ አርኪቴክት፣ ወይም በዋሽንግተን እየኖረ በአያት ቤት የሚያሠራ ኢትዮጵያዊ ዋጋ ብቻ አይጠይቅም። ይህ አናጢ ማን ነው፤ ከዚህ በፊት ለማን ሠራ፤ ቃሉንስ ይጠብቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ደላላው ለዚህ መልስ የለውም፤ ቢኖረውም የሚናገረው እንደሚያገኘው አበል መጠን ነው።

ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ባወጣው ጽሑፍ አንድ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል። በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ጠቋሚያቸውን ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደ ነበር ሲጠይቃቸው፣ ከመቶ 83 ያህሉ አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ብቻ የሚያገኙት ሰው መሆኑን ነገሩት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ወንድሜና ጎረቤቴ የሚያውቁት እኔ የማውቀውን ነው፤ የምንሰማው ወሬ አንድ ነው። ራቅ ያለው ሰው ግን ሌላ ሠፈር ይውላል፤ ሌላ ወሬ ይሰማል።

በ2022 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በዚሁ በሊንክድኢን ላይ በ20 ሚሊዮን ሰዎች መካከል አምስት ዓመት የፈጀ ሙከራ አድርገው ውጤቱን አሳትመዋል። የግራኖቬተር ሐሳብ በጠቅላላው እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ዳሩ ግን አንድ ነገር ተጨመረበት። ሥራ ለማግኘት ከሁሉ ይበልጥ የረቡት እጅግ የቀረቡትም፣ እጅግ የራቁትም አይደሉም፤ በመካከል ያሉት ናቸው። ስለዚህ በየቀኑ ሃምሳ የማያውቃቸውን ሰዎች «ወዳጅ ሁኑኝ» እያለ የሚለምን ወጣት ጊዜውን ያባክናል። ለአያቱ አናጢ የሚጠቅሙት የቀድሞ የሙያ ትምህርት ቤት ጓደኞቹ፣ እንጨት የሚያቀርብለት ነጋዴ፣ አብሮት በአንድ ሕንፃ የሠራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያስደሰተው ደንበኛ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስሙን ረስተው ይሆናል፤ ሥራውን ግን አይተዋል።

እኛ በዚህ ረገድ ከሌላው ሕዝብ የምናንስ አይደለንም። ዕቁብ የሚጣለው፣ እድር የሚቋቋመው፣ ብድር የሚሰጠው በመተማመን ነው። ችግራችን መተማመናችን ከሚያውቁን ሰዎች አጥር አለመውጣቱ ነው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የምንለውም ለዚሁ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ተረት አልወደውም፤ የአጎት ልጅ ሰይጣን ስንት ቤት አጣምሞ እንደ ሠራ አይቻለሁ። ቢሆንም የተረቱን ፍርሃት ንቆ ማለፍ አይገባም። ሰው የማያውቀውን ለማመን ዋስ ይፈልጋል። በአገራችን ዋስ ማለት ደግሞ ወሬ አይደለም። ዋስ የሆነ ሰው የተዋሰለት ሰው ቢጠፋ ራሱ ይከፍላል፤ ስለዚህ ከመዋሱ በፊት አጥብቆ ያስባል።

በሊንክድኢን ላይ የሚጻፈው ምስክርነት ይህ የለውም። «እጅግ ትጉ፣ እጅግ ታማኝ፣ እጅግ ብቁ» ብሎ የጻፈ ሰው ቢሳሳት ከኪሱ አንዲት ሳንቲም አትወጣም። አንተ አመስግነኝ፣ እኔም አመሰግንሃለሁ እየተባለ ምስጋናው እንደ ሠርግ ካርድ ይታደላል። ውጤቱም የታወቀ ነው፤ ሁሉም ሰው እጅግ ትጉ ሲሆን ትጉው ከሰነፉ አይለይም። በዚህ የሚጎዳው ሰነፉ አይደለም፤ በእውነት የሠራው ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ስለ ሰው ሥራ የምንጽፍ ሰዎች እንደ ዋስ ሆነን ልንጽፍ ይገባል። ያየነውን፣ የተቀበልነውን፣ የከፈልንበትን፤ ጉድለቱም ካለ ጉድለቱን።

ከዚህ ዓለም አስቀድሞ የወጣች አንዲት ኢትዮጵያዊት ነጋዴ ላስታውስ። ቤተልሔም ጥላሁን በዘነበወርቅ ሠፈር ሶል ሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስታቋቁም፣ የተነሣችው ሁላችን ከምናውቀው ከጎማ ከሚሠራው በረባሶ ነው። የፈረንጅ ጫማ አስመስላ አላቀረበችም። የሠፈሯን ሰዎች የእጅ ሙያና የበረባሶውን ታሪክ እንዳለ በኢንተርኔት ተናገረች፤ የውጭ ገዢም ይህንኑ ብሎ መጣ። የአያቱ አናጢ የእህት ልጅ ይህን ቢያውቅ ኖሮ የዋንዛውን ሣጥን አይደብቀውም ነበር።

ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት መካከል በቅርቡ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አንድ በግዥ ክፍል የሚሠራ ወጣት አንድ ተቋራጭ ስለ «አመራር ችሎታው» የሚያሞግስ ጽሑፍ ጽፎለት፣ እርሱም በተራው ስለ ድርጅቱ እንዲጽፍ ጠይቆት ምክር ፈለገ። «ገንዘብ አልወሰድኩ፤ ቃል ብጽፍ ምን አለበት?» ነበር ያለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከስሙ አጠገብ የተጻፈው የሥራ ማዕረግ የግሉ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ነገ ያ ተቋራጭ በጨረታ ቢያሸንፍ፣ የተሸነፈው ተወዳዳሪ ያንን ምስጋና አትሞ ይዞት ይመጣል። አሸናፊው በእውነት የሚገባው ቢሆን እንኳ ማንም አያምንለትም። እንዲያውም ወጣቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ያንኑ ያመሰገነውን ሰው ነው። ከሥራው ጋር ጉዳይ ከሌላቸው ሰዎች ጋር መተዋወቅ፣ ከሙያ ጓደኞቹ መማር፣ የሠራውን ጥናት ማካፈል ግን ማንም አይከለክለውም።

ለተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በምያንማር ከማጭበርበሪያ ሠፈሮች ነጻ ከወጡት የብዙ አገር ሰዎች መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንደዚህ ያሉ ሠፈሮች ሰው የሚያጠምዱት ባማረ የሥራ ማስታወቂያ ነው። ባማረ ገጽ ላይ የተጻፈ ደመወዝ ዋስ አይደለም። የማያውቁት ሰው ሥራ ሲሰጥ፣ ድርጅቱ የት እንዳለ፣ ከዚህ በፊት ማን እንደ ሠራበት፣ ያም ሰው በስልክ ይገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ወደ አናጢው ልመለስ። ሁለታችን በርጩማ ላይ ተቀምጠን ገጹን አፈረስነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ወርዶ «አናጢ፣ አያት» ተባለ። ነጩ ሣጥን ወጥቶ የራሱ ስድስት ሥራዎች ገቡ፤ በእያንዳንዱ ሥር የእንጨቱ ዓይነት፣ ልኩና የፈጀው ቀን በአማርኛ ተጻፈ፤ በእንግሊዝኛም የእህቱ ልጅ ደገመው። ከዚያም ለሦስት የቀድሞ ደንበኞች ደውሎ ያዩትን እንዲጽፉለት ለመነ። ሲደውል ያፍር ነበር። (የደንበኞቹንም ስልክ በደብተር እንዲጽፍ ነገርኩት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል በተቋረጠ ጊዜ ሥራቸው ሁሉ በስልካቸው ውስጥ የነበረ ሰዎች እንዴት እንደ ተቸገሩ አይረሳኝም።)

ሁለቱ ሳይመልሱ ቀሩ። ሦስተኛዋ፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ፣ «ሣጥኑን በተባለው ቀን አላመጣልኝም፤ አራት ቀን ዘግይቷል። ካመጣው ወዲህ ግን ሁለት ክረምት አልፎ በሩ አልተዛነፈም» ብላ ጻፈች።

ወጣቱ ደንግጦ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ይኼ ይጥፋ ወይ?» አለኝ። ተወው አልኩት። አልተደሰተም፤ ሆኖም ተወው።

ባለፈው ሳምንት በመንገድ ሳልፍ ጠራኝ። ከቦሌ አንድ አርኪቴክት ደውሎለት ኖሯል፤ ከማያውቀው ሰው ሲደወልለት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰውየው ስለ ዋጋ ሳያነሣ በመጀመሪያ የጠየቀው «አራቱን ቀን ለምን ዘገየህ?» ብሎ ነው።

«ምን አልከው?»

«እውነቱን ነዋ ጋሼ! ዋንዛው አልደረቀም ነበር፤ እርጥቡን ብገጥመው በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጠበቅሁት አልኩት። ቅዳሜ መጥቶ እንጨቱን ሊያይ ነው።»